የመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት የማን ናቸው?

ከውጭ ሀገር ዘመድ መጥቶበት የማያውቅ ቤት ዛሬ ከየት ይገኛል? ከአሜሪካ ይሁን ከካናዳ፣ ከስዊድን ይሁን ከዓረብ ሀገር… ብቻ ከአንዱ ይመጣል። ሲመጣ ያለውን ግርግር ሁላችንም እናውቀዋለን። አበባ ይዞ ኤርፖርት መሄዱ አለ፤ እልልታው አለ፤ በጉና ዶሮው አለ። ሻንጣው ሲከፈት ደግሞ ያልተጋበዘው የአጎት ልጅ ሳይቀር ጫማ ይለካል። ሦስት ሳምንቱ እንዲህ እንዲህ እያለ እንደ ሦስት ቀን ይበራል።

እኔ ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ግን ስለ መምጫው አይደለም፤ ስለ መሄጃው ነው። በተለይ ስለ መጨረሻዎቹ ሦስትና አራት ቀናት። ልብ ብላችሁ እንደሆነ ኩርፊያው ሁሉ የሚመጣው በነዚህ ቀናት ነው። ሁለት ሳምንት ሲሳሳቅ የከረመ ቤተሰብ ሊለያይ ሲል በሻንጣ ኪሎ ይጣላል! እንዲያው ለምን ይመስላችኋል?

እኔ እንደሚመስለኝ ምክንያቱ አንድ ነው። መነገር ያለበት ነገር ሳይነገር ቀኑ ያልቃል። የመጣው ሰው ፕሮግራም አለው፤ ሲጠብቅ የኖረው ሰው ደግሞ አንዲት ነገር በሆዱ ይዟል። ፕሮግራሙ ወረቀት ላይ ተጽፏል፤ ሆድ ውስጥ ያለው ግን አልተጻፈም። ከኛው ቤት የማውቀውን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

«ሕገ መንግሥቱ»

ታላቅ እህቴ ዲቪ ደርሷት አሜሪካ ከገባች በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሀገሯ የመጣችው በ2011 ዓ.ም. ለገናና ለጥምቀት ነው። ከሄደች 11 ዓመቷ ነበር። ባሏ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ጎንደርን በቴሌቪዥን እንጂ በዓይኑ አላያትም። ሁለቱ ልጆቻቸው እዚያው የተወለዱ ናቸው፤ ወንዱ 10፣ ሴቷ 7 ዓመታቸው ነበር። አማርኛ ይሰማሉ፤ መመለሱ ላይ ግን ይቸገራሉ።

እህቴ የምትሠራው አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ውስጥ ነው። የሰው እናት ታጥባለች፣ ታጎርሳለች፣ መድኃኒት ታውጣለች። እንደምንም አጠራቅማ ያገኘቻት ፈቃድ 19 ቀን ነች። ታዲያ በ19 ቀን ኢትዮጵያን በሙሉ ለልጆቿ ማሳየት አማራት። ይፈረድባታል? አይፈረድባትም።

ከዚያው ከአሜሪካ አንድ ወረቀት አዘጋጅታ ነው የመጣችው። በእያንዳንዱ ቀን ትይዩ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ የሚታደርበት ሆቴል ተጽፏል። እኔና ሾፌሩ ተደብቀን «ሕገ መንግሥቱ» እንለው ነበር፤ የማይሻሻል ሆኖብን!

በሕገ መንግሥቱ መሠረት ከአዲስ አበባ ሚኒባስ ከነሾፌሩ ተከራይተን፣ አባይ በረሃን ወርደን ወጥተን፣ ደብረ ማርቆስ አድረን፣ በባሕር ዳር በኩል ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘን ጎንደር ገባን። እናታችን ያለችው እዚያ ነው።

ጥር 10 ቀን ታቦታቱን አጅበን ወደ አፄ ፋሲል መዋኛ ወረድን። መዋኛው ዓመቱን ደርቆ ይከርምና ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ ተጠልፎ ውሃ ይሞላል። በማግስቱ ውሃው እንደተባረከ የከተማው ጎረምሳ ከነልብሱ እየዘለለ ሲገባ የእህቴ ልጅ «እኔም! እኔም!» ብሎ ከአባቱ እጅ ሊያመልጥ ምንም አልቀረው። ጥር 12 ሚካኤልን ሸኘን። ፋሲል ግቢን ዞርን። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብተን ልጆቹ ጣሪያው ላይ የተሳሉትን የመላእክት ፊቶች ሲቆጥሩ አንገታቸው ተጣመመ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰላም ነበር።

«እሺ ልጄ፣ እንዳልሽ»

ጥር 13 ቀን ወደ ደባርቅ ተነሣን። እማዬንም ይዘናት ነው። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። አምባ ጊዮርጊስን ታልፋላችሁ፤ ቀጥሎ ዳባት ትመጣለች፤ ከዚያ ደባርቅ። ታዲያ እማዬ የተወለደችው ዳባት አካባቢ ነው። ከአስፋልቱ ወጥቶ በእግር አንድ ሰዓት የሚያስኬድ መንደር ነው፤ እናቷ የተቀበረችበት ቤተ ክርስቲያንም እዚያው ነው።

ዳባት ስንደርስ እማዬ በመስኮቱ እያየች፣ «እዚህ ጋ ብንወርድ፣ ልጆቹን የእናቴን ደጅ ባስረግጣቸው…» አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው።

እህቴ ወረቀቷን አየች። «እማዬ፣ ዛሬ ደባርቅ ፓርኩ ቢሮ ሳይዘጋ መድረስ አለብን። ሌላ ጊዜ እኔና አንቺ ብቻችንን እንመጣለን።»

«እሺ ልጄ፣ እንዳልሽ።»

የጎንደር እናት እሺታ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እሺታ፣ እሺታ ነው። ሁለተኛው ነጠላን አፍ ላይ ሳብ አድርጎ የሚባለው ነው። ይሄኛው ሁለተኛው ነበር። ሾፌሩ እንኳ በመስታወቱ አይቷት የቴፑን ድምፅ ቀነሰው።

ተራራው ላይ

ሰሜን ተራሮችን ላላያችሁ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? በ1978 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ሁለቱ የኛ ነበሩ፤ አንዱ ላሊበላ፣ ሌላው ይኸው ፓርክ። በኋላ በ1996 እ.ኤ.አ. አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተርታ ገብቶ የወጣው በ2017 ነው። ገደሉን ቁልቁል ስታዩት ሆዳችሁ ይርዳል። ጭላዳ ዝንጀሮው ሣሩን እየነጨ ከአጠገባችሁ ይውላል፤ ሰው መጣ ብሎ አይደነግጥም። የእህቴ ልጅ ትንሿ መሐላቸው ቁጭ ብላ አልነሣም አለች። ከቼነቅ ደግሞ ዋልያ አየን፤ በሩቁ ቢሆንም አየን።

ስካውት ተብሎ ጠመንጃ ይዞ አብሮን የወጣው ሰው ግጭ የሚባለው መንደር ልጅ ነበር። ግጭ ፓርኩ ውስጥ የነበረ መንደር ነው፤ ለፓርኩ ሲባል በ2008 ዓ.ም. ነዋሪው ተነሥቶ ደባርቅ ሰፍሯል። እማዬ ጋቢዋን ተከናንባ መኪናው ጥግ ተቀምጣ ታወራው ነበር።

«የቤትህን ቦታ ታየዋለህ?» አለችው።

«አየዋለሁ እማማ። ሣር በቅሎበታል። የምድጃው ድንጋይ ግን እንዳለ ነው።»

ከዚያ ወዲያ እማዬ ብዙም አልተናገረች።

ከሰዓት በኋላ ወንዱ ልጅ ራሱን ያመው ጀመር። ቀጥሎ አስመለሰው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ቼነቅ 3,600 አካባቢ ነው። ከዝቅተኛ ሀገር የመጣ ልጅ እንዲህ ያለ ከፍታ ላይ ሲወጣ አየሩ ይሳሳበታል። ሾፌሩ ብዙ ቱሪስት ያመላለሰ ሰው ስለሆነ ጥያቄም አላበዛ፤ «ቶሎ እንውረድ፣ መድኃኒቱ መውረድ ነው» ብሎ ሞተሩን አስነሣ። እውነቱን ነው፤ ደባርቅ ስንደርስ ልጁ ሾርባ ጠየቀ።

ከየትኛው ደጅ?

ጥር 14 ማታ ደባርቅ ሆቴል ውስጥ ነው ነገሩ የፈነዳው። ሕገ መንግሥቱ በማግስቱ ተመልሰን ተራራ እንድንወጣ፣ የጅንባርን ፏፏቴ እንድናይ ያዝዛል። ባሏ «ልጁ ታሟል፣ ይቅር» አለ። እህቴ «11 ዓመት ጠብቄ!» አለች። ከዚህ ተነሥቶ ነገር ነገርን እየጎተተ ማንም ያልጠበቀው ቦታ ደረሰ።

«እኔ የሰው እናት ሳጥብ እየዋልኩ የራሴ እናት ብቻዋን መሆኗ ያቃጥለኛል! ዜግነት አለኝ፤ ልወስዳት እችላለሁ። ቤቱ ይሸጥና ትምጣ!» አለች እህቴ እያለቀሰች።

ቤቱ ጸጥ አለ። እማዬ ሻይዋን አስቀመጠች።

«ቤቱ ተሽጦ እኔ ከየትኛው ደጅ ልወጣ ነው?»

«ምን ማለትሽ ነው እማዬ?»

«ስሞት ነዋ፣ ልጄ።»

በዚህ መሐል ባሏ፣ ያ ዝምተኛ ሰው፣ ወንበሩን ወደ እማዬ አስጠጋ። «እማማ፣ እርስዎ ምን ይፈልጋሉ?» አላት። በዚያ ሁሉ ቀንና ሰዓት በተጻፈበት ወረቀት ላይ ይህች ጥያቄ አልነበረችም።

«ነገ ዳባት አውርዱኝ። እነዚህ ልጆች የእናቴን ደጅ ይርገጡልኝ። ሌላ አልልም።»

ባሏ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። ሕገ መንግሥቱ በዚያው ታገደ!

ዳባት የዋልንባት ቀን

ሚኒባሱን አስፋልቱ ዳር ትተን በእግር ሄድን። የገብሱ አጨዳ አልፎ ሜዳው ገለባ ብቻ ነው፤ ብርዱ ግን ለብቻው ነው። እማዬ ጎንደር ቤቷ ውስጥ ወገቤን እያለች የምትውል ሴት፣ እዚያ መንገድ ላይ ከልጆቹ ፊት ፊት ትሄዳለች። «እዚህ ጋ እንስራ ሰብሬ የተገረፍኩ።» «ይቺ ወይራ ሥር ነው አባታችሁ… አይ፣ አያታችሁ መጀመሪያ ያየኝ።» ልጆቹ የሚገባቸውን ያህል ገባቸው፤ ያልገባቸውን እህቴ አስረዳቻቸው። ሳስበው ለልጆቿ በአፏ ታሪክ ስትነግር ያየኋት ያኔ ነው። ሌላው ሁሉ ላይ አስጎብኚ ነበር የሚናገርላት።

የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ ተሳለሙ። ከመቃብሩ አጠገብ ቆሙ። አንዲት ዓይናቸው የፈዘዘ ዘመዳችን እህቴን በእጃቸው ዳብሰው የአያታችንን ስም ጠሩና «እሷን ቁርጥ!» አሉ። ቆሎ ቀረበ፣ ጠላ ቀረበ፣ ቡና ተፈላ። እማዬ በዚያች ግማሽ ቀን ያወራችውን በሁለት ሳምንት አላወራችም። ቡናው ላይ ደግሞ ድንገት ለእህቴ እንዲህ አለቻት፤

«ልጄ፣ ገንዘብ ስትልኪ ትደውያለሽ። ገንዘብ ሳትልኪም ደውይ።»

እውነት ነው። እህቴ የምትደውለው የሐዋላውን ቁጥር ለመንገር ነበር። ቁጥሩ ይነገራል፣ ይጻፋል፣ «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ» ይባላል፣ ያልቃል። ስንቶቻችን ቤት እንዲህ ነው?

ደብተሯ

ጥር 16 ጎንደር ሻንጣ ስንሸክፍ ዋልን። በአንድ ሰው ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ነው የተፈቀደው። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ድርቆሹ… ሚዛኑ ላይ ሲወጣ ሲወርድ አመሸ። እማዬ የበርበሬ ማስቀመጫዋን ስታወራርድ ከመሐል አንዲት የተጠቀለለች ደብተር ወደቀች። እህቴ አንሥታ ገለጠቻት። የእድር ደብተር ነው። ስሙን ስታይ ግን የራሷ ነው! ከሄደችበት ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ በየወሩ ተከፍሏል። መጀመሪያ 5 ብር፣ ኋላ 10፣ ከዚያ 20። አንድም ወር አልተዘለለም።

«እማዬ፣ እኔ እዚህ የለሁ! ይሄ ምን ያደርጋል?»

«እኔ ስሞት ትመጫለሽ። ባዶ ቤት ገብተሽ ብቻሽን እንዳታለቅሺ ብዬ ነው።»

«ከምልክልሽ ብር ላይ ነው የከፈልሽው?»

«አይ፣ እሱንስ ለመድኃኒት። ይሄ በርበሬ ለሰው አዘጋጅቼ ከማገኛት ነው።»

ከዚያ በኋላ ስለ ሻንጣ ኪሎ የተከራከረ ሰው የለም። በማግስቱ አዘዞ ኤርፖርት ሸኘናቸው። አሜሪካ የመሄዱ ወሬም በዚያው ቀረ።

ያ «ሌላ ጊዜ»

አሁን ቁም ነገሩ ላይ ልምጣ። እህቴ ዳባት በር ላይ «ሌላ ጊዜ» ያለችው ከልቧ ነበር። ግን እስቲ እንቁጠረው። ከሁለት ወር በኋላ፣ በ2011 መጋቢትና ሚያዝያ፣ እነዚያ ተራሮች በሰደድ እሳት ተቃጠሉ። በ2012 መጋቢት ኮሮና ገባ። በ2013 ጥቅምት መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ተጀመረ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ ውጊያው ዳባት አካባቢ ድረስ መጣ። በ2014 ሚያዝያ፣ ከፋሲካ በኋላ፣ እማዬ አረፈች። በ2015 ክረምት ደግሞ ክልሉ ውስጥ ሌላ ውጊያ ተነሣና ያ በሳቅ የሄድንበት መንገድ የሚያስፈራ መንገድ ሆነ። ታዲያ «ሌላ ጊዜ» የቱ ጋ ነበረች?

እህቴ ለቀብሩ አልደረሰችም፤ ሥራ ማስፈቀዱ፣ ትኬት ማግኘቱ ጊዜ ወሰደ። እስከዚያ ድረስ ግን በየእሑዱ ስትደውል ኖራለች፤ ብር ብትልክም ባትልክም። ጎንደር ስትገባ አምስተኛው ቀን ነበር፤ ድንኳኑ ተነሥቷል። የእድሩ ሊቀ መንበር ደብተሩን ገለጡና «አባላችን ናት፤ እናቷ ሞታባታለች» አሉ። ድንኳኑ ዳግመኛ ተተከለ። ወንበሩ ወጣ። እንጀራው መጣ። የሰፈሩ ሰው፣ በልጅነቷ የሚያውቃትም የማያውቃትም፣ ከጎኗ ተቀምጦ አለቀሰላት።

እስቲ እነዚህን ያዙልኝ

ዘመድ የምትጠብቁም፣ ከውጭ መጥታችሁ ይህችን ጋዜጣ ያገኛችሁም፣ ካየሁት ተነሥቼ ጥቂት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ የመጨረሻዎቹን ሦስት ቀናት ባዶ ተዉአቸው። ፕሮግራሙ ከዚያ በፊት ይለቅ። ሦስቱ ቀን የመጪው ሳይሆን የቀሪው ነው። እናት ወዴት እንሂድ ካለች ወደዚያ ነው፤ የትም አንሂድ ካለችም የትም አይደለም።

ሁለተኛ፣ ከባዱን ወሬ ለመጨረሻዋ ማታ አታቆዩት። ቤት ይሸጥ አይሸጥ፣ ማን ይጡር፣ ማን ይሂድ የሚለው ገና ቀን ሳለ፣ ባለጉዳይዋ ባለችበት ይነሣ። መጀመሪያ ደግሞ «አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?» ብላችሁ ጠይቋት።

ሦስተኛ፣ ሰሜን ተራሮችን የመሰለ ከፍታ በጉዞው ማለቂያ ላይ አታድርጉት፤ በአንድ ቀንም አትውጡት። ደባርቅ አድሮ፣ ውሃ ደጋግሞ ጠጥቶ፣ ቀስ ብሎ ነው። ራስ ምታቱ ከጠና ወይም ማስመለስ ከመጣ ወደ ላይ መቀጠል የለም፤ መውረድ ነው። የአውሮፕላኑ ቀን ሲቃረብም ሌሊት በመኪና ለመድረስ አትሩጡ፤ አንድ ቀን ቀድማችሁ ከተማ ግቡ። የክልሉን መንገድ ደግሞ ከመነሣታችሁ በፊት እዚያው የሚኖር ሰው ጠይቁ፤ ትናንት ሰላም የነበረ መንገድ ዛሬም ሰላም ነው አይባልም።

አራተኛ፣ የሻንጣውን ነገር ቀን አድርጉት። በርበሬና ሽሮው በደንብ ይታሸግ፤ አሜሪካ ሲገቡም ምግብ ይዣለሁ ብሎ መናገር ነው። ቋንጣ ግን እዚያው ጉምሩክ ላይ ይቀራል፤ እናት ለፍታ ያደረቀችውን ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ማየት ምን ያደርጋል? እዚሁ ብሉት፣ አብራችሁ ብሉት።

አምስተኛዋ ለእኛ ለቀሪዎቹ ነች። ሆዳችሁ ውስጥ ያለውን «እሺ፣ እንዳልሽ» ብላችሁ አትዋጡት። የመጣው ሰው አዋቂ አይደለም፤ ካልነገራችሁት ወረቀቱን ብቻ ነው የሚያነበው።

የእህቴ ልጅ፣ ያ ራሱን ያመመው፣ ዛሬ ጎረምሳ ሆኗል። ስለዚያ ጉዞ ሲጠየቅ ተራራውንም ዋልያውንም ያነሣል። በአማርኛ የሚናገራት ግን አንዲት ነገር ነች፤ «አያቴ እንስራ የሰበረችበትን ቦታ አውቀዋለሁ።»

መልካም ሳምንት።